ሽንቁር ያልደፈነው ቀዳዳ

የምሥራች አለ! ትንፋሽ ተመልሷል። ያውም ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ። የማን ትንፋሽ እንደሆነ አሁኑኑ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን ትንፋሹን የመለሰው ሰው ሳይታወቅ የዜናው ግማሹ ይባክናል። ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ራዲያተር በያጅ ነው።

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው የለም። ጋራዡ ውስጥ “ሽንቁር” ነው የሚሉት፤ በዕድሜ የሚያንሱት “ጋሽ ሽንቁር” ይሉታል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት የኖረው የሚያፈስ ራዲያተር እየተቀበለ፣ የሚያፈስበትን ፈልጎ እየደፈነ ነው። ሌሎች በያጆች ራዲያተሩን ውኃ በሞላ በርሜል ነክረው አረፋ ይጠብቃሉ። እሱ ግን በቱቦ አየር ያስነፋበትና መጀመሪያ ከንፈሩን በምላሱ ያርሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ከንፈሩን ከብረቱ የጥፍር ያህል አርቆ በስፌቱ ላይ ቀስ እያለ ያሳልፋል። መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ እንኳ ብትሆን እርጥብ ከንፈር ላይ ትበርዳለች። “እዚህ ጋ” ይልና በጠመኔ ያከብባታል። ጓደኞቹ፣ ሳመው፣ ነገረው፣ እያሉ ይሥቁበታል። ይሣቁ እንጂ ተሳስቶ አያውቅም።

ችግሩ ሙያው ከጋራዥ ተከትሎት ቤት መግባቱ ነው። ሽንቁር ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የቤቱን መስኮቶች አንድ በአንድ በስፖንጅና በማጣበቂያ አሽጓቸዋል። ሚስቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ እኔ ቤት ነፋስ የሚገባው አስፈቅዶ ነው ትላለች። አንድ ጊዜማ የዋናውን በር የቁልፍ ቀዳዳ በሰም ደፍኖት ቤተሰቡ በሙሉ ሁለት ቀን በጓሮ በር ተመላልሷል። ነፋስ ይገባበታል ነበር ምክንያቱ።

ይህን ሰው ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እሱ ስምንት። ገና የመዝሙር መምህርት ሆና መቀጠሯ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ኋላ አንዲት ክፍል ተሰጥቷት እሱን ይዛው ገባች። ግራ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰለለ ነው፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በእግር እየተረገጠ የሚጮህ አሮጌ ኦርጋን ነበር፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ ሁለት መርገጫ፣ ሁለት ጤነኛ እግር ይፈልጋል። እሷ በአንዱ እየረገጠች እንደምንም ትጫወተው ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከክፍል ሲወጣ ግን ቦርሳውን ወርውሮ ከሥር ይገባና የግራውን መርገጫ በሁለት መዳፉ ይገፋላታል። ያኔ የኦርጋኑ ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል። ልጁ አጥብቆ ሲገፋ ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ “ፍስስስ” የሚል ነገር ይሰማ ነበር። ድመት አለች ይላል። የታለች ሲባል፣ ውስጥ ነው የምትተኛው፣ ሲበዛባት ትቆጣለች ይላል። እኅቱ ጨዋታ መስሏት ድመቷ ደኅና አደረች ወይ እያለች ትጠይቀው ነበር። ይህችን ድመት ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

መምህርቷ ሃያ አምስት ዓመት በዚያ ኦርጋን አስተማረች። ከዚያ አዳራሹ ሲታደስ፣ ለጊዜው ነው ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት ተወሰደ። የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ አይጥ አለ፣ በር የከፈተ ሁሉ የተሰበረ ወንበር እላዩ ይጭንበታል። ለጊዜው የተባለው አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። እሷም በባዶ አዳራሽ በእጇ እያጨበጨበች ማስተማሯን ቀጠለች፤ ዘንድሮ ስድሳ ሞላትና ጡረታ ልትወጣ ነው።

ታዲያ ከስድስት ሳምንት በፊት የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ዝርዝር ተለጠፈ። ሊወገድ የታሰበው ዕቃ ሁሉ በቀይ ቀለም ተሰርዞበታል። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ ስታነብ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ “ሳጥን፣ እንጨት፣ ትልቅ፣ የማይሠራ” ይላል። ሳጥን! ከመወገዱ ይልቅ ሳጥን መባሉ ነው እንባ ያመጣባት። ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ወረቀቱ ከእጁ ወጥቷል። ያደረገላት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኮሚቴው ሐሙስ በስድስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ያያል። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ ይሠራል፣ በከፊል ይሠራል፣ አይሠራም። “ይሠራል” የተባለ ይቆያል። የቀሩት ሁለቱ ዓምዶች ግን እዚያው መኪና ላይ ይጫናሉ፤ እንጨት እንጨቱ ለማገዶ ይፈለጣል።

በማግስቱ ከዘራዋን ይዛ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረግጣው የማታውቀው ጋራዥ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

“አንተ ልጅ” አለችው። “ቀዳዳ ትደፍናለህ አሉ።”

“እደፍናለሁ፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ተነሥ። ትልቅ ቀዳዳ አለኝ።”

ሽንቁር ግምጃ ቤት ገብቶ ወንበሮቹን ሲያወርድ ያገኘው ኦርጋን ሳይሆን የኦርጋን አጽም ነው። ወናፉን አይጥ በልቶታል። የመርገጫዎቹ ጠፍሮች በስብሰው ረግፈዋል። ከነጮቹ ቁልፎች የአሥራ አንዱ ልባስ ተነቅሏል። ከሁሉ የከፋው የምላሶቹ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ኦርጋን እንደ ጡሩንባ አይነፋም፤ ይስባል። ሲረገጥ የትልቁ ወናፍ አየር እየተመጠጠ ይወጣል፣ ወናፉ ይኮማተራል፣ የውጭው አየር ሊተካ ሲሮጥ በቀጫጭን የናስ ምላሶች መሀል ያልፋል፣ ምላሶቹ ይንቀጠቀጡና ይጮኻሉ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ምላስ ነው። ከስድሳ አንዱ ዘጠኙ የሉም፤ ናስ የሚሸጥ ሰው ነቅሏቸዋል።

ምን ይደረግ? ያለውን አመጣ። ለጠፍሩ የተጋጨ መኪና የደኅንነት ቀበቶ ቆርጦ ሰፋ። ለቁልፎቹ ልባስ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ሠዋ፤ ሚስቱ ወንበሩ የት ሄደ ስትል፣ መዝሙር ሊማር ሄደ አላት። ለወናፉ ላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ገዝቶ እጥፋቱን አንድ በአንድ አጣበቀ። ለምላሶቹ የአሮጌ ራዲያተር ናስ ቀደደ። የራዲያተር ናስ ደግሞ ልስልስ ነው፤ ሲታጠፍ ታጥፎ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ሳያሞቅ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠ አደነደነው፤ ጥፍሩ ላይ አስደግፎ ለቀቅ ሲያደርገው “ድንን” እስኪል ድረስ። የመጀመሪያዎቹ አራት ምላሶች ተሰበሩ።

መሞረዱ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። የምላሷ ጫፍ ሲሞረድ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ሥሯ ሲሞረድ ይወፍራል። እኅቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። “ገና” ትላለች። ይሞርዳል። “ገና።” ይሞርዳል። “በቃ።” በቃ ካለች በኋላ ሞረዱ አንድ ጊዜ እንኳ ካለፈ ምላሷ ከንቱ ናት። አንድ ቀን “በቃ” ብላው፣ እሱ እጁ ቀድሞት አንዴ ጨምሮ፣ አዲስ ናስ ቀድደው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከጋራዥ ሲወጣ በቀጥታ እዚያ ነው። እሷ የላዩን ታውቃለች፣ እሱ የውስጡን፤ አንዱ በሌላው ክልል አይገባም። ስሕተቱም የገባው በዚያች ድንበር ላይ ነው።

ወናፉን ሲያለብስ፣ ወናፉ በሚለብስበት ትልቅ የእንጨት ገበታ መሀል ለመሀል፣ አውራ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አገኘ። አጠገቧ ቆዳው በአይጥ የተበላ የእንጨት ክዳን በዛገች ቀጭን ሽቦ ሞላ ተንጠልጥሏል። ሽንቁር አንገቱን ነቀነቀ። ድሮ አንዱ ቆርቁሮ አበላሽቶት፣ ሌላው ሰነፍ ደግሞ መድፈን አቅቶት በክዳን ሸፈነው ብሎ ደመደመ። ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ የደፈነ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ክብ እንጨት አዘጋጀ፣ በሙጫ አስገባ፣ በላዩ ቆዳ አለበሰ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከሥራው ሁሉ ያማረችው እሷ ናት። ክዳኑንና ሞላውን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጣላቸው፤ ምንም ነገር አይጥልምና “ምናልባት” የሚላት ጣሳ አለችው። ከዚያ ከንፈሩን አርሶ ወናፉን ዙሪያውን አዳረሰ። አንድም ትንፋሽ የለም። ግጥም ብሏል።

እኅቱም ተቀምጣ በአንድ እግሯ እየረገጠች ሞከረችው። ጮኸ። ስድሳ አንዱም ጮኹ። እሷ ከዘራዋን ፈልጋ አጣችው፣ ጉልበቷ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ። ዛሬ ማለት ነው።

ሽንቁር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግምጃ ቤት ደረሰ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ፣ ቁልፍ በወገቧ የማይለያት ሴትዮ፣ በር ከፈተችለትና ሳይጠይቃት ወሬ ጀመረች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ትናንት የጽሕፈት ቤቱን ወንበሮች ሲመረምር ነበር አለች። በዓይኑ አያምንም፤ ራሱ ነው የሚሞክረው። ግዙፍ ሰው ነው። “አምስቱም ላይ ተቀምጦባቸው ነበር። ሁለቱ የማይሠሩ የሆኑት ከሱ ሥር ሆነው ነው” አለችው።

ሽንቁር ወደ ኦርጋኑ ዞረ። ይህን ኦርጋን እስካሁን የረገጠው የእኅቱ አንድ እግር ብቻ ነው። ግዙፍ ሰው በሁለት እግሩ ሲወርድበትስ? አሁኑኑ ልየው ብሎ ተቀመጠ። አንድ ቁልፍ ተጫነና በሁለቱም እግሩ ረገጠ። ድምፁ ወፈረ፣ ጠነከረ። ደስ አለውና ጨመረ። መርገጫው ከበደ። አሁንም ጨመረ።

የአልጋ አንሶላ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ወዲያው ወደቀ፣ ዘቀጠ፣ ጠፋ። ሁለቱም መርገጫዎች እግሩ ሥር እንደ ሞተ ነገር ተኙ።

በኦርጋኑ ጀርባ በኩል ገብቶ ሲያይ የወናፉ እጥፋት ከክንዱ በረዘመ ተተርትሯል። ሠራተኛዋ አጎንብሳ አየችና በለሆሳስ፣ ምነው ባልተናገርኩ አለች። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሊሆን ነው። የተረፈ ጨርቅ የለውም። ዓይኑ ግምጃ ቤቱን ሲያስስ በሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የዝናብ ልብስ አየ። ሠራተኛዋም ዓይኑን ተከትላ አየችው።

“እሱን አይሆንም” አለች። “የፈረምኩበት ነው።”

እሱ አልተከራከረም። መሬት ላይ ተቀምጦ የተተረተረውን በሁለት እጁ ይዞ ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ወዲያና ወዲህ አለች፣ ቁልፎቿን አንቀጫቀለች፣ ከዚያ ልብሱን ራሷ አውርዳ ራሷ መቀስ አመጣች። ኮፍያውን ተወው፣ ኮፍያውን ካሳየኋቸው ልብሱም አለ ማለት ነው አለችው።

ማስቲሹን ቀብቶ የዝናብ ልብሱን ለጠፈ። የማስቲሹ ጣሳ ላይ ግማሽ ቀን ይድረቅ ይላል፤ እሱ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አምፖሉን በገመዱ ዝቅ አድርጎ አስጠግቶ በመዳፉ እየዳበሰ ያደርቅ ጀመር። እጁ እየሠራ አእምሮው ግን አልተኛም። ለምን ተቀደደ? ጨርቁ አዲስ ነው። ሙጫው አልለቀቀም። አንድም ቦታ አያፈስም ነበር። አንድም ቦታ።

አንድም ቦታ አለማፍሰሱን ሲደግመው እጁ ቆመ።

የምላሶቹን ትንንሽ ሚስማሮች ያስቀመጠው በአሮጌ የራዲያተር ክዳን ውስጥ ነበር፤ ገልብጦት እንደ ሳሕን ይገለገልበታል። ክዳኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ሞላው ተገትሮ። የራዲያተር ክዳን ሞላ ያለው ለምንድን ነው? ይህን ልጅም ያውቀዋል፤ ውስጡ ሲበዛበት ራሱ ከፈት ብሎ እንዲያስተነፍስ ነው። ያን ክዳን ሰው በብየዳ ቢደፍነው ራዲያተሩ ይፈነዳል። ሽንቁር ስንቱን ሾፌር በዚህ ተሳድቧል!

ቀና ሲል ደግሞ በኦርጋኑ ሳጥን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተተከለችውን አጭር እንጨት አየ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እጅጌውን እየያዘች ያማረረችው፣ ዛሬ ነገ ልቁረጣት ሲል የከረመ እንጨት ናት። ወናፉ ጨርሶ ሲኮማተር ገበታው ወዴት ይሄዳል? ወደሷ። የምትነካውስ የት ጋ ነው? በዓይኑ ለካ። መሀል ለመሀል። ክዳኑ በነበረበት ቦታ።

“ድመቷ!” አለ ሽንቁር።

ሠራተኛዋ፣ አይጡን ነው እንዴ የምትለው አለችው። እሱ ግን መሮ አንሥቶ ነበር። ከሥራው ሁሉ ያማረችውን ውታፍ መታት። አትነቀልም። ራሱ ነዋ የሠራት! ያን ያህል አሳምሮ በመሥራቱ የራሱን እጅ እየረገመ ቆረቆራት። “ምናልባት” የተባለችውን ጣሳ መሬት ላይ ዘረገፋትና ሁለቱም በጉልበታቸው ሆነው በብሎንና በዳዶ መሀል ሞላዋን ፈለጉ። ሴትዮዋ አገኘቻት። ጫፏ ተሰብሯል፤ በፒንሳ አዲስ ጫፍ አጠፈላት። ክዳኑ ግን ቆዳ የለውም፣ ቆዳ ከሌለው ግጥም አይልም። ሽንቁር ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀና ማሰሪያው ሥር ያለችውን ልስልስ ቆዳ ቆረጣት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የከዘራ ድምፅ መጣ። የኋላውን ሳንቃ ለመግጠም ጊዜ አላገኘም።

እኅቱ የክት ልብሷን ለብሳለች። ኦርጋኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ወደ ታች እግሩን አየች።

“ጫማህ ምን ሆነ?”

“ምንም።”

“ኦርጋኑስ?”

“ምንም አልሆነም፣ እትዬ።”

ቀጥ ብላ አየችው። ስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ሲዋሻት የምታየው አስተያየት ነው። ግን አልጠየቀችም፤ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሲቆም ይሰማል።

ሰብሳቢው እንደተባለው ግዙፍ ነው፤ በሩ ላይ ጎንበስም ገደምም ብሎ ነው የገባው። የኮሚቴው ጸሐፊም አብራው ገባች፣ ቅጹን በካርቶን ላይ አስደግፋ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ቆመ። ሰብሳቢው፣ ሳጥኑ ይህ ነው ወይ አለ። መምህርቷ፣ ኦርጋን ነው አለች። ተቀመጠችና በቀኝ እግሯ እየረገጠች ተጫወተች። ልጆቹን በመጀመሪያ ሳምንት የምታስተምራት አጭር ዜማ ናት። በር ላይ አብረውኝ የቆሙት ጫኞች እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሽንቁር ግን ዜማውን አልሰማም፤ የሚሰማው የዝናብ ልብሱን ነው።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ወደ መጀመሪያው ዓምድ አስጠጋች። ሰብሳቢው እጁን አነሣ።

“ቆይ፣ እኔም ልየው።”

መምህርቷ ተነሥታ ቦታ ለቀቀች። ሰብሳቢው ተቀመጠ፤ በርጩማዋ ተንጣጣች። ሁለት ትልልቅ ጫማዎች መርገጫዎቹን ሸፈኗቸው። አንድ ጣቱን ቁልፍ ላይ አሳርፎ ረገጠ። ረገጠ። ድምፁ ወፈረ። አሁንም ረገጠ። ከዚያ ከሳጥኑ ሆድ፣ ጥርት ብሎ፣ “ፍስስስ” አለ።

ሰብሳቢው እግሩን ያዝ አደረገ። ጆሮውን አቀና። እንደገና ረገጠ፤ እንደገና “ፍስስስ”።

“ያስተነፍሳል” አለ። “በከፊል ይሠራል ብለሽ ጻፊ።”

በከፊል ማለት መኪናው ማለት ነው። መምህርቷ ከዘራዋን ጨበጠችና፣ ከዚያ እንደ መዳኛ ወደ ወንድሟ ዞረች። ይህ ወንድሜ ነው አለች ለሰብሳቢው፤ ቀዳዳ መድፈን ይችልበታል፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡት። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና፣ አሥር ደቂቃ ምን ችግር አለው፣ ይድፈነውና እናየዋለን አለ። ጸሐፊዋም እስክሪብቶዋን አነሣች።

መንገዱ ቀላል ነበር። ያቺ ክብ እንጨት መሬት ላይ ወድቃለች፤ መልሶ ይሰካታል፣ እኅቱ በአንድ እግሯ ትጫወታለች፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ ነገ ከነገ ወዲያ በሰላም ይነቅላታል። ግን ሰብሳቢው ደግሞ ልየው ቢል? ባይልስ? ሽንቁር እንጨቷን አነሣት፣ በጣቶቹ መሀል አገላበጣት።

“አልደፍንም” አለ።

እኅቱ የሰማችው ነገር ያልገባት መሰለች። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

“ወንድሜ፣ ያፈሳል’ኮ” አለ ሰብሳቢው።

“ማፍሰስ ስላለበት ነው። ደፍኜው ነበር። ስድስት ሳምንት ደፍኜው ከርሜ፣ ዛሬ ጠዋት በሁለት እግር ስረግጠው ተቀደደ። ይኸው።” ዞሮ በጀርባው በኩል የዝናብ ልብሱን አሳያቸው። የመምህርቷ እጅ ወደ አፏ ሄደ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ጣሪያውን ታይ ጀመር፤ ሚስማሩ ላይ የቀረው ኮፍያ ብቻውን ተንጠልጥሏል። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኦርጋኑ አይደለም። ለእኅቴም ምንም አልሆነም ብዬ ዋሽቻታለሁ።”

 ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽንቁር የራዲያተሩን ክዳን ከመሬት አነሣና ሚስማሮቹን በኪሱ ገልብጦ ለሰብሳቢው ሰጠው።

“መኪና አለዎት?”

“አለኝ።”

“ይህን ያውቁታል?”

“አውቀዋለሁ።”

“ያስተነፍሳል ብዬ በብየዳ ልድፈንልዎት?”

ሰብሳቢው ሞላውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ተመለሰ። እንደገና ተጫነው። የቀኝ እጁ ጀርባ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ እዚያ የነበርነው ሁላችንም አየነው፣ እሱም እንዳየነው አወቀ። ክዳኑን መልሶ ሰጠ።

“እንግዲያው እስኪበቃኝ ልርገጠው” አለ። “ከተቀደደ ተቀደደ።”

ሽንቁር በኦርጋኑ ጀርባ መሬት ላይ ተንጋለለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ከንፈሩን አረሰ። የማስቲሹ ዕድሜ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሁለቱ ትልልቅ ጫማዎች መውረድ ጀመሩ። ወናፉ ፊቱ ላይ ተኮማተረ፣ የዝናብ ልብሱ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ተወጠረ፣ ጫፉ ላይ ማስቲሹ እንደ ክር ተመዘዘ። ከንፈሩን ከስፌቱ የጥፍር ያህል አርቆ አሳለፈ። አልበረደም። መርገጫዎቹ ይወርዳሉ። አልበረደም። ገበታው ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ እጅጌ የምትይዘው እንጨት ክዳኗን ነካቻት፣ “ፍስስስ”፤ የተወጠረው ጨርቅ ለዘብ አለ። እንደገና ተወጠረ፣ ጫፉ አንድ ጣት ያህል ተላቀቀ፣ ሽንቁር በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ “ፍስስስ”። ሰብሳቢው ስንት ጊዜ እንደረገጠ የቆጠረ የለም። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ እግሩን አነሣ።

“ጻፊ” አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። “ይሠራል።”

ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ዓምድ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቀዳዳውን ምን ብላ እንደምትጽፈው ጠየቀች፤ የማስታወሻ ቦታ አለው። ሰብሳቢው አሰበ። “የራሱ ነው በይ” አላት። ሳጥን የሚለውም በሱ ትእዛዝ ተሰርዞ ኦርጋን ተጻፈ።

መኪናው ወንበሮቹን ጭኖ ወጣ። ሽንቁር ግን ከመሬት አልተነሣም። እኅቱ ከዘራዋን ኦርጋኑ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። 

“አንተ ልጅ” አለችው ወደ ታች። “መሬት ላይ ከሆንክ አይቀር፣ ወደዚህ ዙር።”

አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ከነቱታው፣ አንድ ጫማው ማሰሪያው ሥር ተቆርጦ፣ በሆዱ ተስቦ ከሥር ገባና የግራውን መርገጫ በሁለት መዳፉ ያዘ። በቀስታ እንጂ አለችው፣ ማስቲሹ ገና ነው። ያቺኑ አጭር ዜማ ጀመሩ። ከክፍል የወጡ ልጆች በሩን ሞሉት። በሁለተኛው ዙር ላይ እሱ ረስቶት ይሁን ሆነ ብሎ አላውቅም፣ ጨመር አድርጎ ገፋ።

ፍስስስ።

መምህርቷ ጣቶቿን ሳታቆም፣ “ድመቷ ደኅና አደረች?” አለች።

 ከሥር መርገጫው መውረድ መውጣቱን አላቋረጠም።

እኔ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልችልም። ጋራዡ ገና አልሰማም! ሽንቁር በገዛ አፉ “አልደፍንም” ማለቱን ከኔ ቀድሞ ሌላ ሰው ከነገራቸው ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ለምሳ ከመበተናቸው በፊት ልድረስባቸው፤ ከግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ለምስክር የለመንኩት ኮፍያም እጄ ላይ ነው።